የድጋፍ ግንብና የጓሮ ንጣፍ በቀዝቃዛ አገር ሸክላማ አፈር ላይ

የድጋፍ ግንብ ማለት ከፍታቸው የሚለያይ ሁለት የመሬት ደረጃዎችን የሚለይና ከላይ ያለው አፈር ወደ ታች እንዳይናድ የሚይዝ ግንብ ነው። የጓሮ ንጣፍ ወይም ፓቲዮ ደግሞ ከቤት አጠገብ በድንጋይ፣ በጡብ ወይም በኮንክሪት የተነጠፈ፣ ጣሪያ የሌለው መቀመጫ ቦታ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሠራሉ፤ ተዳፋት የሆነውን ጓሮ ለጥ ለማድረግ ግንቡ ይቆማል፣ በተገኘው ሜዳ ላይ ንጣፉ ይነጠፋል። አፈሩ ሸክላማ በሆነበትና መሬቱ በየዓመቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ግን እነዚህ ሥራዎች ቀላል አይደሉም። በሚኒሶታ፣ በሰሜን ዳኮታ፣ በኮሎራዶና በካናዳዋ ማኒቶባ በደንብ የተሠራ የሚመስል ንጣፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ሲጎብጥ፣ ግንቡም ወደ ፊት ሲያዘነብል ይታያል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የድንጋዩ ወይም የብሎኬቱ ጥራት ሳይሆን ከሥሩና ከጀርባው ያለው አፈርና ውሃ ነው።

በዚህ መጣጥፍ «ክረምት» ሲባል እንደ ኢትዮጵያ የዝናቡ ወቅት ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው የውርጭና የበረዶ ወቅት ማለት ነው።

የአፈሩ ጠባይ

ሸክላ የሚባለው አፈር የቅንጣቱ ስፋት ከ0.002 ሚሊሜትር የሚያንስ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ያለው ደለል ይባላል፤ ከዚያም አሸዋና ጠጠር ይከተላሉ። የሸክላ ቅንጣቶች ጠፍጣፋና እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃን አጥብቀው ይይዛሉ፣ ወደ ታችም በቀላሉ አያሳልፉም። ስሜክታይት የተባለው ማዕድን የበዛባቸው ሸክላዎች ደግሞ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። በኢትዮጵያ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ከዚህ ወገን ነው። በዴንቨር ከተማ ዙሪያ ያለውና ሰዎች በጥቅሉ ቤንቶናይት የሚሉትም የዚያው ዘመድ ነው።

በሚኒሶታ ያለው ሸክላ አብዛኛው በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግሮች ፈጭተው ትተውት የሄዱት ነው። በሰሜን ዳኮታና በማኒቶባ የሚገኘው የሬድ ሪቨር ሸለቆ ደግሞ አጋሲዝ የተባለው የበረዶ ዘመን ሐይቅ ወለል ነበር። ሐይቁ ሲጠፋ ወፍራም የሸክላ ንጣፍ ቀርቷል፤ የፋርጎና የዊኒፔግ ከተሞች የተሠሩት በእሱ ላይ ነው።

አፈሩ ሸክላማ መሆኑን ለማወቅ የግድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥቂት አፈር አርጥቦ በመዳፍ መካከል እንደ ክር ማንከባለል ይበቃል። ክሩ 3 ሚሊሜትር ያህል እስኪቀጥን ድረስ ካልተበጣጠሰ ሸክላ አለበት። ይህ ዘዴ ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ በ1911 እ.ኤ.አ. ካቀረባቸው የአፈር መለኪያዎች የመጣ ሲሆን ዛሬም በምህንድስና ላቦራቶሪዎች በተሻሻለ መልኩ ይሠራበታል።

ውርጭ መሬትን እንዴት ያነሳል

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ንጣፍ በክረምት የሚነሳው በዚህ ብቻ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን አይገጥምም። ከአንድ ሜትር አፈር ውስጥ አርባ በመቶው ውሃ ቢሆንና ሁሉም ቢቀዘቅዝ እንኳ መሬቱ ሊነሳ የሚችለው ከ4 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ በተግባር ከዚያ በእጅጉ የበለጠ መነሳት ይታያል።

እውነተኛው ምክንያት የታወቀው አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ስቲቨን ቴበር በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ሥራዎች ነው። ቴበር በውሃ ፈንታ ቤንዚን ከተባለው ኬሚካል ጋር (የመኪናው ነዳጅ አይደለም) የተደባለቀ አፈር አቀዘቀዘ። ይህ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል እንጂ አይስፋፋም። አፈሩ ግን እንዲያም ሆኖ ተነሳ። ከዚህ የተገኘው መደምደሚያ፣ መሬትን የሚያነሳው በውስጡ የነበረው ውሃ መስፋፋት ሳይሆን ከታች አዲስ ውሃ እየተሳበ መጥቶ በቀዝቃዛው መስመር ላይ መጋገሩ ነው የሚል ነው። ልክ የፋኖስ ክር ጋዝን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ውሃን ከታች ይስባሉ። ውሃው እየቀዘቀዘ ስስ የበረዶ ንብርብሮች ይሠራል፤ ንብርብሮቹ እየወፈሩ በላያቸው ያለውን ሁሉ ያነሳሉ።

ስለዚህ መሬት እንዲነሳ ሦስት ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው፦ ቅዝቃዜ፣ ውሃ የሚስብ አፈርና ውሃው ራሱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መነሳት የለም። ሠሪው የአየሩን ቅዝቃዜ ሊያስቀር አይችልም። በእጁ ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ አፈሩን በጠጠር መተካትና ውሃውን ማራቅ። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው አሠራር በሙሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ከአፈር ዓይነቶች የከፋው ደለል ነው፤ ውሃን ይስባል፣ በፍጥነትም ያሳልፋል። ንጹሕ ሸክላ አጥብቆ ቢስብም ውሃው በውስጡ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ በአንድ ክረምት የሚነሳው ከደለል ያነሰ ሊሆን ይችላል። በጓሮ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ነው። አርተር ካሳግራንዴ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ቅንጣቶች በተደባለቁበት አፈር ውስጥ ከ0.02 ሚሊሜትር የሚያንሱት ከ3 በመቶ ከበለጡ አፈሩ በውርጭ ሊነሳ ይችላል። ሦስት በመቶ በጣም ትንሽ ነው። ከመሠረት ሥር የሚገባ ጠጠር በጭቃ መበከል የሌለበት ለዚህ ነው።

ጉዳቱ በክረምት አያበቃም። በጸደይ በረዶው የሚቀልጠው ከላይ ወደ ታች ነው። የላዩ ሲቀልጥ የታችኛው ገና ስለሚቀዘቅዝ ውሃው መውረጃ አጥቶ አፈሩን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ንጣፎች የሚሰምጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው።

በድጋፍ ግንብ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ቅዝቃዜው የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን በግንቡ ፊት በኩልም ነው። የበረዶው ንብርብሮች የሚሠሩት ከቀዝቃዛው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው ስለሆነ ከግንብ ጀርባ ያሉት የቆሙ ናቸው፤ የሚገፉትም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ግንቡ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ግንቡ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በተፈጠረው ክፍተት ውስጥ አፈር ይወርዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግፊቱ ከዚያው ይቀጥላል። ግንብ በየዓመቱ ጥቂት ሚሊሜትር እየተገፋ ከዓመታት በኋላ የሚወድቀው እንዲህ ነው።

ግንቡ የሚሸከመው ግፊት

አፈር በግንብ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ለማስላት መሠረቱን የጣሉት ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ (1776 እ.ኤ.አ.) እና ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ራንኪን (1857 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በራንኪን ስሌት፣ የውስጥ ሰበቃው 30 ዲግሪ የሆነ ጠጠራማ አፈር ወደ ጎን የሚገፋበት መጠን ወደ ታች ከሚጫንበት አንድ ሦስተኛው ነው። የአፈሩ አንድ ሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን ቢመዝን፣ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 4.3 ኪሎ ኒውተን ይገፋል። ይህ የ440 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው።

አሁን ውሃ ከጀርባው እስከ አፉ ተጠራቀመ እንበል። ውሃ ብቻውን 7.1 ኪሎ ኒውተን ይገፋል። በውሃው ውስጥ የተነከረው አፈር ክብደቱ ስለሚቀንስ 2.4 ያህል ይጨምርበታል። ድምሩ 9.5 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የበረዶው ግፊት ገና አልተቆጠረም። ለደረቅ አፈር ተብሎ የተሠራ ግንብ ማስወገጃው ሲደፈን የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ከፍታም እንዲሁ ያታልላል። ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ግንቡን ለመገልበጥ የሚታገለው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሜትር የሚሆን ግንብ የአንድ ሜትሩ ሥራ ሁለት ጊዜ የተደገመበት አይደለም።

የግንብ ዓይነቶች

የድጋፍ ግንቦች ግፊቱን በሚቋቋሙበት መንገድ ይለያያሉ። በክብደታቸው ብቻ የሚቆሙ የድንጋይ ግንቦች አሉ። በፌሮ የተጠናከሩ፣ ሥራቸው እንደ ኤል ቅርጽ ወደ ኋላ የገባ የኮንክሪት ግንቦች አሉ። በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ ተሞልቶ የሚደረደረው ጋቢዮንም አለ። በእንጨት የሚሠሩት ርካሽ ቢሆኑም በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚታሰብ ሥራ በእንጨት ባይሠራ ይመረጣል።

በሰሜን አሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ዛሬ በብዛት የሚታየው ያለ ሲሚንቶ ማያያዣ በደረቁ የሚደረደረው የኮንክሪት ብሎኬት ነው። ይህ አሠራር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋ ሲሆን እንደ ኪይስቶን፣ አለን ብሎክና ቨርሳ ሎክ ያሉት የታወቁ ዓይነቶች የተነሱት ከሚኒሶታ ነው። ብሎኬቶቹ ስላልተጣበቁ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አይሰነጠቅም፤ ለቀዝቃዛ አገር ያለው ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ከፍ ሲል ከጀርባው በየደረጃው ጂኦግሪድ የሚባል የፕላስቲክ መረብ ወደ አፈሩ ውስጥ ይዘረጋል፤ ርዝመቱ ቢያንስ ከግንቡ ከፍታ 60 በመቶ ይሆናል። አፈርን በውስጡ በሚዘረጋ ነገር የማጠናከሩን ዘመናዊ ዘዴ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ቪዳል ነው። እሱ የተጠቀመው በብረት ጥብጣብ ነበር።

ብሎኬቱ ራሱም በውርጭ ሊጠቃ ይችላል። በተለይ ጨው በሚረጭባቸው መንገዶችና መግቢያዎች ዳር የቆሙ ብሎኬቶች ፊታቸው እየተፈረፈረ ይወርዳል። ስለዚህ ሲገዛ ኤኤስቲኤም ሲ 1372 የተባለውን ደረጃ ማሟላቱንና በማቀዝቀዝና በማቅለጥ ሙከራ (ሲ 1262) ማለፉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ግንቡን መሥራት

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በአሜሪካ ወደ 811 መደወል ግዴታ ነው። የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ መስመሮች ያሉበትን መጥተው በቀለም ያመለክታሉ፤ አገልግሎቱ ለባለቤቱ በነጻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ መሠረቱ ከውርጭ ጥልቀት በታች መውረድ አለበት ወይ የሚለው ነው። በሚኒሶታ ሕግ ይህ ጥልቀት በደቡባዊው ክፍል (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖልን ጨምሮ) 42 ኢንች ወይም 107 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በሰሜናዊው ክፍል 60 ኢንች ወይም 152 ሴንቲሜትር ነው። በዴንቨር 36 ኢንች ነው። በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ግንብና የኮንክሪት ግንብ ደረቅ ስለሆኑ፣ መታጠፍም ስለማይችሉ ከዚህ በታች መውረድ አለባቸው። በደረቁ የሚደረደር ብሎኬት ግን በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ስለሚቀመጥና እንቅስቃሴ ስለሚችል ያን ያህል አይቆፈርለትም። ለእሱ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የጠጠር መደብ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ወይም የግንቡን ከፍታ አንድ አሥረኛ ያህል ከመሬት በታች ይቀበራል። በሸክላ ላይ መደቡን ወደ 25 እና 30 ሴንቲሜትር ማውረድ ትርፍ ወጪ አይደለም።

የመጀመሪያውን ረድፍ በውሃ ልክ ማስተካከል ከጠቅላላው ሥራ ረጅሙን ጊዜ ይወስዳል፤ መውሰድም አለበት። እዚያ የተሳተ ሁለት ሚሊሜትር ከላይ ሲደርስ በዓይን ይታያል። ከዚያ በላይ ያሉት ረድፎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ወደ ኋላ እየገቡ ይደረደራሉ።

ከግንቡ ጀርባ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ንጹሕ፣ ደቃቅ የሌለበት የተፈጨ ድንጋይ ይሞላል። የተቆፈረው ሸክላ ግን ወደዚያ አይመለስም። ይህ ከሁሉም በላይ የሚጣስ ሕግ ነው፤ ሸክላውን አስጭኖ መጣልና ጠጠር መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፣ የተደበቀውን ደግሞ ማንም አያይም። ሥራውን ለኮንትራክተር የሚሰጥ ባለቤት በውሉ ላይ የኋላ ሙሌቱ ዓይነትና ስፋት እንዲጻፍ ቢያደርግ፣ ከመሸፈኑም በፊት ፎቶ ቢያነሳ ይጠቀማል። በጠጠሩና በሸክላው መካከል ጂኦቴክስታይል የተባለው ጨርቅ ይገባል። ጨርቁ ውሃን አሳልፎ ጭቃን ያስቀራል።

ከጠጠሩ ሥር 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይዘረጋል። ቱቦው ተዳፋት ይዞ ወደ ግልጽ ቦታ መውጣት አለበት፤ መውጫ የሌለው ቱቦ ከሌለ አይሻልም። የጣሪያ አሸንዳ ውሃ በምንም ዓይነት ወደዚህ ቱቦ አይቀጠልም። በመጨረሻም ከጠጠሩ አናት ላይ ጨርቅ አልብሶ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚሆን ሸክላማ አፈር ይደፋበታል፣ ወደ ጎን እንዲያፈስም ተዳፋት ይደረጋል። በጠቅላላው ሥራ ሸክላው የሚጠቅምበት ቦታ ይህ ነው፤ የላይ ውሃ ወደ ጀርባ እንዳይገባ ይከለክላል።

ንጣፉ

በጠጠር ላይ የሚነጠፍ የኮንክሪት ንጣፍ ድንጋይ ከውርጭ ጥልቀት በታች መሠረት አያስፈልገውም። አንድ ወጥ ስላልሆነ ከመሬቱ ጋር ጥቂት ተነስቶ ጥቂት ይወርዳል። የሚያበላሸው መነሳቱ ሳይሆን አንዱ ጥግ ከሌላው የተለየ መነሳቱ ነው። ስለዚህ ዓላማው ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው።

በደህና አፈር ላይ ለእግረኛ ንጣፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የተጠቀጠቀ ጠጠር ይበቃል። በቀዝቃዛ አገር ሸክላ ላይ ወደ 20 እና 25 ሴንቲሜትር መሄድ የተለመደ ነው። በላዩ 2.5 ሴንቲሜትር አሸዋ፣ ከዚያም 6 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ይመጣል። እንግዲህ ቁፋሮው 33 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለ4 በ5 ሜትር ንጣፍ ሲሰላ ከጓሮው የሚወጣው አፈር 6.6 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የሚገባው ጠጠር ደግሞ ተጠቅጥቆ 5 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ወደ 11 ቶን ነው። በእጅ ጋሪ ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ቁጥር አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ጠጠሩ በአንድ ጊዜ አይደፋም። ከ10 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ውፍረት እየተነጠፈ በመጠቅጠቂያ ማሽን ይመታል። የሸክላው ወለል ረግረግ ባለበት ጊዜ ማሽን ቢገባበት እንደ ሊጥ ይናጣል እንጂ አይጠቀጠቅም፤ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። በሸክላውና በጠጠሩ መካከል እዚህም ጂኦቴክስታይል ይገባል፣ አለዚያ ጠጠሩ በየጸደዩ ወደ ጭቃው ይሰምጣል። ለአሸዋው ንብርብር የድንጋይ ብናኝ መጠቀም አይመከርም፤ ውሃ ይይዛል፣ የካሳግራንዴንም 3 በመቶ በቀላሉ ያልፋል።

በሸክላ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ሳይታሰብ ገንዳ መሥራት ሊሆን ይችላል። ዝናቡ በጠጠሩ በኩል ይወርዳል፣ ሸክላው ግን አያሳልፈውም። ስለዚህ የጉድጓዱ ወለል ራሱ ወደ አንድ ጎን ተዳፋት ይደረጋል፣ በዝቅተኛው ጠርዝ በኩልም የማስወገጃ ቱቦ ይቀመጣል። የንጣፉ ገጽ ከቤቱ ርቆ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይዘቀዝቃል፤ በ4 ሜትር ውስጥ 2 በመቶ 8 ሴንቲሜትር ነው። ጠርዙ በማገጃ ካልተያዘ ድንጋዮቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ።

የድንጋዩ ጥራት በኤኤስቲኤም ሲ 936 ይለካል። ደረጃው አማካይ ጥንካሬው ቢያንስ 55 ሜጋ ፓስካል እንዲሆን፣ የሚመጠው ውሃም በአማካይ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል።

አንድ ወጥ ኮንክሪት የሚመርጡም አሉ። ለቀዝቃዛ አገር ኮንክሪቱ በውስጡ 6 በመቶ ገደማ ደቃቅ የአየር አረፋዎች እንዲኖሩት ተደርጎ ይቦካል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የሚስፋፋበት ቦታ ያገኛል። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው ወለል በየ2.4 እስከ 3 ሜትሩ የመሰንጠቂያ መስመር ይቆረጥለታል። ከቤቱ መሠረት ጋር መጣበቅ የለበትም፣ ቤቱ ሳይንቀሳቀስ ወለሉ ይንቀሳቀሳልና። በመጀመሪያው ክረምት ጨው አይረጭበትም፤ እንዳያንሸራትት አሸዋ ይበተንበታል።

ፈቃድና ምህንድስና

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መነሻ የሆነው ዓለም አቀፍ የመኖሪያ ቤቶች ደንብ፣ ከመሠረቱ ሥር እስከ አናቱ ከ4 ጫማ (1.2 ሜትር) ያልበለጠና ተጨማሪ ጭነት የሌለበትን ግንብ ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ከተሞች ከዚህ ያጠበቀ ደንብ ሊኖራቸው ይችላል። «ተጨማሪ ጭነት» የሚለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ከግንቡ አናት አጠገብ መኪና የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ከላይ ሌላ ግንብ ካለ፣ ከ4 ጫማ በታችም ቢሆን መሐንዲስ ያስፈልጋል። ሁለት አጫጭር ግንቦችን አቀራርቦ በደረጃ መሥራትም ከደንቡ አያስመልጥም፤ ላይኛው ታችኛውን ይጫነዋል።

የብልሽት ምልክቶች

ግንብ ሳያስጠነቅቅ አይወድቅም። መሐሉ ሆድ ሲያወጣ፣ ከጀርባው በአፈሩ ላይ ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ሲታይ፣ ከዝናብ በኋላ ማስወገጃ ቱቦው ምንም ሳያፈስ በብሎኬቶቹ መካከል ውሃ ሲያለቅስ፣ ውስጡ ታምሟል። ቱምቢ አውርዶ ርቀቱን መለካትና ቀኑን ጽፎ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ደግሞ መለካት እንቅስቃሴውን በግልጽ ያሳያል። የተገፋን ግንብ ፊቱን በሲሚንቶ መለሰን መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም የውሃውን መውጫ ይደፍናል። እስከ ችግሩ ድረስ ፈርሶ፣ የኋላ ሙሌቱ ተቀይሮ እንደገና መሠራት አለበት። በሌላ በኩል በደረቁ የተነጠፈ ድንጋይ ሲሰምጥ ተነስቶ፣ መደቡ ተስተካክሎ ያው ድንጋይ ይመለሳል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋዎች ንጋት ላይ ውርጭ ቢጥልም ምድሩ በሚኒሶታ እንደሚሆነው በጥልቀት አይቀዘቅዝም። የአዲስ አበባ ችግር የዋልካው ማበጥና መሰንጠቅ እንዲሁም የክረምቱ ዝናብ ነው። ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት በአገር ቤት የታወቀ አሠራር ሲሆን ምክንያቱም ከላይ ከተጠቀሰው ጋር አንድ ነው። በሲሚንቶ በተያያዙ የድንጋይ ድጋፍ ግንቦች ላይ የሚተዉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከጀርባቸው ጠጠር ከሌለ በጭቃ ይደፈናሉ፤ በዝናብ ወራት ግንብ ተደርምሶ በሥሩ ባለ ቤት ላይ ጉዳት የሚደርስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በመደርደር የኮንሶ ሕዝብ እርከኖች ቀዳሚ ምሳሌ ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ የድንጋይ ግንቦቹ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። እርከኖቹ አፈሩን ይይዛሉ፣ ለእርሻ የሚሆነውን ውሃ ያቆያሉ፣ ትርፉን ደግሞ ያስወጣሉ።